ቫይታሚን ዲ እና የኩላሊት ጤንነት ኤች አይ ቪ በደማቸው ለሚገኝ ወገኖች
ለጅማ ከተማና በዙሪያዋ ለሚገኙ የቡና ከተሞች ነዋሪዎች የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

ኢትዮጵያ የአሥራ ሦስት ወራት ፀሐይ ያላት አገር እንደሆነች ዘወትር ይነገራል። በዚህም ምክንያት ከፀሐይ ብርሃን የሚገኘው ቫይታሚን ዲ በዚህች አገር ሊጎድል ይችላል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። በአገሪቱ የተካሄዱ ጥናቶች ግን እጥረቱ በብዙ ሰዎች ዘንድ እንደሚታይ አረጋግጠዋል። እጥረቱ ኤች አይ ቪ በደማቸው በሚገኝ ወገኖች ላይ ሲደርስ ደግሞ ከኩላሊት ጤንነትና ከሚወሰደው መድኃኒት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ልዩ ትኩረት ይሻል።

የኮቪድ-19 ወረርሽኝ በኢትዮጵያ መግባቱ ከተረጋገጠበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኋላ ጉዳዩ ይበልጥ አሳሳቢ ሆኖ ነበር። በአንድ በኩል ብዙ ሰዎች ከቤት ሳይወጡ የሚውሉበት ጊዜ ጨምሮ ነበር። በሌላ በኩል ቫይታሚን ዲ ኮቪድን ይከላከላል፣ ያድናልም የሚል ወሬ በመሰራጨቱ ክኒኑንና መርፌውን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የመጠቀም ልማድ ታይቷል። የቫይታሚኑ ማነስም ሆነ ከመጠን ማለፍ ኩላሊትን የሚመለከት ጉዳይ ነው።

የትምህርቱ ዓላማ አንባቢው የቫይታሚን ዲንና የኩላሊትን ግንኙነት እንዲረዳ፣ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ኩላሊቱን እንዲጠብቅ፣ እንዲሁም ወደ ጤና ተቋም በአፋጣኝ መሄድ የሚገባው መቼ እንደሆነ እንዲያውቅ ማስቻል ነው።

1. ቫይታሚን ዲ እና ኩላሊት ምን ያገናኛቸዋል?

አብዛኞቹ ቫይታሚኖች ከምግብ የሚገኙ ሲሆን ቫይታሚን ዲን ግን ሰውነት በአመዛኙ ራሱ ያዘጋጀዋል። የፀሐይ ጨረር ቆዳን ሲያገኝ ከቆዳ ሥር ያለ ንጥረ ነገር ወደ ቫይታሚን ዲ ይለወጣል። ይህ ቫይታሚን በመጀመሪያ ወደ ጉበት ይሄዳል፤ በዚያም በደም ምርመራ ወደሚለካው ዓይነት ይለወጣል። ቀጥሎ ወደ ኩላሊት ይደርሳል፤ ሰውነት በሥራ ላይ ወደሚያውለው ጠንካራ ዓይነት የሚለወጠውም በዋነኛነት በኩላሊት ነው።

ከዚህ የምንረዳው ኩላሊት ቆሻሻን ከደም የሚያጣራ አካል ብቻ አለመሆኑን ነው። ኩላሊት ሲዳከም ቆዳው በቂ ፀሐይ ቢያገኝ እንኳ ቫይታሚኑ የመጨረሻውን ደረጃ ሳያልፍ ይቀራል። ቫይታሚኑ ሲያንስ አንጀት ከምግብ የሚወስደው ካልሲየም ይቀንሳል። በአንገት ላይ ያሉት ፓራታይሮይድ የሚባሉ ትናንሽ እጢዎችም ጉድለቱን ለመሙላት ሆርሞናቸውን አብዝተው ያመነጫሉ። ይህ ሆርሞን ካልሲየምን ከአጥንት እየወሰደ ወደ ደም ይመልሳል። ሁኔታው ለረጅም ጊዜ ከቀጠለ አጥንት ይሳሳል፣ ጡንቻ ይዝላል፣ በወገብና በጭን ላይም ሕመም ይሰማል።

2. በፀሐይ አገር እጥረቱ ለምን ይከሰታል?

በኢትዮጵያና በኖርዌይ ሰዎች መካከል ንጽጽር ያደረገና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት የኢትዮጵያውያኑ የቫይታሚን ዲ መጠን ፀሐይ ከሚያንስባት ከኖርዌይ ሰዎች ዝቅ ብሎ መገኘቱን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በአዳማ ከተማና በአካባቢው ባሉ ገጠሮች 174 ተማሪዎችን መርምሮ፣ እጥረቱ በከተማ ልጆች ላይ 61.8 በመቶ፣ በገጠር ልጆች ላይ 21.2 በመቶ መሆኑን አረጋግጧል። ፀሐይዋ ለሁለቱም አንድ ናት፤ ዋናው ልዩነት ቆዳው ምን ያህል ያገኛታል የሚለው ነው።

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡ፣ በሰቃና በሌሎችም ከተሞች የሚታየው የኑሮ ሁኔታ ይህንን ለመረዳት ያግዛል። የደቡብ ምዕራብ ክረምት ረጅም ነው፤ ሰማዩም ለብዙ ወራት በደመና ይሸፈናል። የአካባቢው ቡና የሚበቅለው በጥላ ዛፎች ሥር በመሆኑ ለቃሚው ቀኑን ሙሉ ከቤት ውጭ ቢውልም የሚውለው በጥላ ውስጥ ነው። ቡናው በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ሲመታው፣ በመጋዘን ተቀምጠው ቡና የሚያበጥሩና የሚለቅሙ ሴቶች ግን ከጥዋት እስከ ማታ በጣሪያ ሥር ናቸው። ባለሱቁ፣ ልብስ ሰፊው፣ የቢሮ ሠራተኛውና ቤት ውስጥ የምትውለው እናትም እንዲሁ ናቸው። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባ ብርሃን ቤትን ቢያሞቅም ቫይታሚኑን ለማዘጋጀት የሚያስፈልገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል።

ጥቁር ቆዳ ከጠንካራ ፀሐይ የሚከላከል ጸጋ ነው፤ ይሁንና ተመሳሳይ መጠን ያለው ቫይታሚን ለማዘጋጀት ከነጭ ቆዳ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። መላ ሰውነትን የሚሸፍን ልብስም ቆዳው የሚያገኘውን ጨረር ይቀንሳል። ይህ ሲባል በእምነት ወይም በባህል የሚለበስ ልብስ ይተው ማለት አይደለም፤ በግቢ ውስጥ፣ ከሰው ዕይታ በተከለለ ስፍራ ክንድንና እግርን ለፀሐይ ማጋለጥ ይቻላል።

ምግብን በተመለከተ፣ በቆሎ፣ ጤፍ፣ ማሽላ፣ ጎደሬና ጎመን ለሰውነት ጠቃሚ ቢሆኑም ቫይታሚን ዲ የላቸውም። የተወሰነ መጠን የሚገኘው ከእንቁላል አስኳል፣ ከጉበትና በተለይም ስብ ካላቸው የዓሣ ዓይነቶች ነው። በአብዛኛው ቤት እነዚህ ምግቦች በየቀኑ ስለማይቀርቡ ዋናው ምንጭ ፀሐይ ሆኖ ይቀራል።

3. ቫይረሱ፣ መድኃኒቱና ኩላሊት

በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነበር። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች ልጆቻቸውን አሳድገው፣ ሥራቸውን እየሠሩ ለእርጅና የሚበቁበት ዘመን መጥቷል። ዕድሜ ሲረዝም ደግሞ እንደ ደም ግፊት፣ ስኳርና የኩላሊት ሕመም ያሉ የረጅም ጊዜ ሕመሞችን መከላከል የሕክምናው አካል ይሆናል።

ቫይረሱ ካልታከመ በራሱ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ከምዕራብ አፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ሕዝቦች ዘንድ በብዛት የሚታየው በቫይረሱ ምክንያት የሚመጣ ከባድ የኩላሊት ሕመም በአንድ የዘር ውርስ ባሕርይ ይባባሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት በእስራኤል በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ይህ ባሕርይ አለመገኘቱ ተገልጿል። ዜናው መልካም ቢሆንም ጥበቃው ለአንድ የሕመም ዓይነት ብቻ ነው፤ በደም ግፊት፣ በስኳር፣ በኢንፌክሽንና በመድኃኒት የሚመጣውን ጉዳት አያስቀርም።

በአሁኑ ወቅት አብዛኞቹ አዋቂ ታካሚዎች ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ ክኒን የተጣመሩበትን መድኃኒት ይወስዳሉ። ቴኖፎቪር ቫይረሱን በመግታት ረገድ ጠንካራ፣ ለብዙዎችም የሚስማማ መድኃኒት ነው። ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ስለሆነ ግን በጥቂት ታካሚዎች ላይ በኩላሊት ጥቃቅን ቱቦዎች ውስጥ ተጠራቅሞ ሊጎዳቸው ይችላል። ቱቦዎቹ ሲጎዱ ለአጥንት የሚያስፈልገው ፎስፌት የተባለ ማዕድን በሽንት ይባክናል። በቫይታሚን ዲ እጥረት ምክንያት ካልሲየም አስቀድሞ ከጎደለ፣ አጥንት ከሁለት አቅጣጫ ይጎዳል ማለት ነው። ቀደም ሲል በስፋት ይሰጥ የነበረው ኢፋቪሬንዝ ደግሞ ቫይታሚን ዲ በሰውነት ውስጥ ቶሎ እንዲወገድ ያደርጋል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲንም ተመሳሳይ ጠባይ አለው።

ይህ ሁሉ መድኃኒቱን ለመፍራት ምክንያት ሊሆን አይገባም። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ ይራባል፣ የሰውነት የመከላከል አቅም ይወድቃል፣ ኩላሊትም ቢሆን በቫይረሱ ይጎዳል። ችግር ሲገኝ ሐኪሙ መድኃኒቱን በሌላ ይተካል፤ በገዛ ፈቃድ ማቆም ግን ከሁሉ የከፋው አማራጭ ነው።

4. በጅማ የተገኘ ዕውቀት

የጅማ ዩኒቨርሲቲና የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጅማ ዞን በሚገኙ ሦስት የሕክምና ተቋማት የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በጀመሩ አዋቂዎች ላይ ሰፊ ጥናት አካሂደዋል። ለታካሚዎቹ በቀን 200 ግራም በንጥረ ነገር የበለጸገ ቅባታማ ምግብ ለሦስት ወራት ተሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ውጤት ምግቡን ያገኙት ታካሚዎች ክብደታቸውና የእጃቸው ጥንካሬ መጨመሩን ገልጿል።

የቫይታሚን ዲን ጉዳይ የሚመለከተው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። በጥናቱ መነሻ ላይ ቫይረሱ በደማቸው በሚገኝም በማይገኝባቸውም ሰዎች ዘንድ የቫይታሚኑ አማካይ መጠን ዝቅተኛ ነበር። መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ተጨማሪ ምግቡን ያላገኙት ታካሚዎች መጠን ይበልጥ ሲቀንስ፣ ምግቡን ያገኙት ግን በጥቂቱ ጨምሯል። ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛ፣ እጥረቱ የአካባቢው ሕዝብ ሁሉ ጉዳይ እንጂ ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች ብቻ ችግር አይደለም። ሁለተኛ፣ ሕክምና ሲጀመር የሚታየው መቀነስ በተመጣጠነ መጠን በሚሰጥ ድጋፍ ሊገታ ይችላል።

5. በወረርሽኙ ወቅት የተደቀኑ አደጋዎች

ቫይታሚን ዲ ለአጥንትና ለሰውነት የመከላከል አቅም አስፈላጊ መሆኑ እውነት ነው። ይህ ማለት ግን የኮቪድ-19 መድኃኒት ነው ማለት አይደለም፤ ክትባትን፣ ጭምብልን፣ እጅ መታጠብንና ርቀትን መጠበቅን አይተካም። ቫይታሚኑ በስብ ውስጥ የሚከማች በመሆኑ ትርፉ እንደ ሌሎች ቫይታሚኖች በሽንት በቀላሉ አይወጣም። ከመጠን ሲያልፍ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ያበዛል፤ የበዛው ካልሲየምም በኩላሊት ውስጥ ጠጠር ሊሠራና ኩላሊቱን ሊያደክም ይችላል። ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ድርቀት፣ ብርቱ ጥማትና የሽንት መብዛት የዚህ ምልክቶች ናቸው።

እስከ 70 ዓመት ዕድሜ ላለው አዋቂ ሰው የሚመከረው ዕለታዊ መጠን 600 ዓለም አቀፍ ዩኒት ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ለሆኑት 800 ነው። ያለ ሐኪም ክትትል በቀን ከ4,000 ማለፍ አይገባም። በአንድ ጊዜ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዩኒት የያዙ መርፌዎችና ጠብታዎች በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚወሰዱ ናቸው።

ሁለተኛው አደጋ የሕመም ማስታገሻዎችን አብዝቶ መጠቀም ነው። ትኩሳትና የራስ ምታት ሲሰማ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከመድኃኒት መደብር ገዝቶ መዋጥ የተለመደ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። ቴኖፎቪር በሚወስድ፣ በተለይም በትኩሳት፣ በማስመለስ ወይም በተቅማጥ ምክንያት ሰውነቱ ፈሳሽ ባጣ ሰው ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብርቱ ጉዳት ሊያደርሱ ይችላሉ። ለእንዲህ ያለው ሰው በታዘዘለት መጠን ፓራሲታሞልን መጠቀም የተሻለ ነው።

አንድ ምሳሌ ይታሰብ። በአጋሮ በቡና መጋዘን የምትሠራ አንዲት እናት ወረርሽኙን ፈርታ ለወራት ከቤት ሳትወጣ ትቆያለች። የወገብ ሕመም ሲጸናባት ጎረቤቷ ዳይክሎፌናክ ትሰጣታለች፤ ዘመድ ደግሞ የቫይታሚን ዲ መርፌ እንድትወጋ ይመክራታል። የመድኃኒት ቀጠሮዋ ሲደርስ ስለ ሁለቱም ለባለሙያው ሳትናገር ክኒኗን ብቻ ተቀብላ ትመለሳለች። በዚህች እናት ላይ የወገቡ ሕመም ከቫይታሚን እጥረት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ማስታገሻውና ያልተመጠነው መርፌ ግን በአጥንት ላይ ያለውን ችግር ወደ ኩላሊት ሊያሻግሩት ይችላሉ። በቀጠሮው ዕለት የምትናገረው አንድ ቃል ይህን ሁሉ ማስቀረት ይችል ነበር።

6. ስለ ምርመራ ሊታወቅ የሚገባው

የኩላሊት ሕመም በመጀመሪያ ደረጃው አያምም፣ አያቃጥልም። ምልክት እስኪታይ የሚጠብቅ ሰው ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል። በዚያን ጊዜ የሚያስፈልገው የኩላሊት እጥበት በሳምንት ደጋግሞ የሚሠራ፣ ወጪውም ለብዙ ቤተሰብ የሚከብድ ነው። ስለዚህ በክትትል ወቅት ክሪያቲኒን የሚባለው የደም ምርመራና የሽንት ፕሮቲን ምርመራ መደረጋቸውን መጠየቅ የታካሚው መብት ነው።

ባለሙያው ከክሪያቲኒን፣ ከዕድሜና ከጾታ በመነሳት ኩላሊት በደቂቃ የሚያጣራውን መጠን ያሰላል። ውጤቱ ለሦስት ወራትና ከዚያ በላይ ከ60 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም አለ ይባላል። ከ50 በታች ሲሆን ቴኖፎቪር በሌላ መድኃኒት እንዲተካ ወይም አወሳሰዱ እንዲስተካከል ይደረጋል።

የውጤቱ ትርጉም ለባለሙያ መተው አለበት። ክሪያቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ በመሆኑ በሕመም የከሳ ሰው ኩላሊቱ ተጎድቶም ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። በሌላ በኩል ዶሉቴግራቪር ኩላሊትን ሳይጎዳ ቁጥሩን በጥቂቱ ከፍ ያደርገዋል። ቁጥሩ ጨመረ ብሎ ተደናግጦ መድኃኒት ማቆም ስህተት ነው።

የቫይታሚን ዲ የደም ምርመራ በሁሉም ጤና ጣቢያ አይገኝም። ምርመራው ከተገኘ በሚሊ ሊትር ከ20 ናኖግራም በታች የሆነ ውጤት እጥረት ተብሎ ይቆጠራል። ምርመራው ባይገኝም ባለሙያው የታካሚውን አኗኗርና ምልክት አይቶ ሊወስን ይችላል።

7. ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

ሀ) መድኃኒትን በሰዓቱ መውሰድ። ወደ ጤና ተቋም የሚደረገውን ምልልስ ለመቀነስ ሁኔታቸው የተረጋጋ ታካሚዎች የ3 ወይም የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሊረከቡ ይችላሉ። ቀጠሮው ሲራራቅ የኩላሊት ምርመራው እንዳይዘነጋ በረከባው ዕለት አብሮ ይሠራ።

ለ) ፀሐይን በመጠኑ መሞቅ። የሰው ጥላ ከቁመቱ በሚያጥርበት ሰዓት፣ ፊትን፣ ክንድንና እግርን ገልጦ ለአጭር ጊዜ በሳምንት ጥቂት ቀናት መቀመጥ ይጠቅማል። ኮትሪሞክሳዞል የሚወስድ ሰው ቆዳው በፀሐይ ሽፍታ ካወጣ ለባለሙያ ያሳውቅ።

ሐ) እንቁላል፣ ጉበት ወይም ዓሣ በሚገኝበት ጊዜ ከቤተሰቡ ማዕድ ላይ ማቅረብ።

መ) በቂ ውኃ መጠጣት። ቡናን በጨው የመጠጣት ልማድ ባለበት ቤት፣ በተለይ ደም ግፊት ያለበት ሰው ጨውን ይቀንስ። ቡናውን መተው አያስፈልገውም።

ሠ) የደም ግፊትንና የስኳርን መጠን ማስመርመር።

ረ) የካልሲየም ወይም የብረት ክኒን ከዶሉቴግራቪር ጋር የሚወስድ ሰው ሁለቱን ከምግብ ጋር አብሮ ይውሰድ። በባዶ ሆድ ከሆነ ዶሉቴግራቪር ከ2 ሰዓት በፊት ወይም ከ6 ሰዓት በኋላ መወሰድ አለበት፤ አለዚያ የመድኃኒቱ ኃይል ይቀንሳል።

ሰ) የባህል መድኃኒትን ጨምሮ የሚወሰደውን ሁሉ ያለ ኀፍረት ለባለሙያ መንገር።

8. በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

የሽንት መጠን እጅግ መቀነስ ወይም መቅላት፣ የፊትና የእግር ማበጥ፣ የማያቋርጥ ማስመለስ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ከወንበር ለመነሳት እስኪያቅት ድረስ የጭን ጡንቻ መዛል፣ ያለ ከባድ አደጋ አጥንት መሰበር። ትኩሳት ወይም ሳል ያለበት ሰው ጭምብል አድርጎ ይሂድ፤ ኮቪድን ፈርቶ ከሕክምና መቅረት አይገባም።

ማጠቃለያ

ኩላሊት ቫይታሚን ዲን ወደ ሥራ ያስገባል፤ ሲጎድል አጥንት፣ ሲበዛ ራሱ ኩላሊት ይጎዳል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሕይወትን የሚያቆይ ስለሆነ አይቋረጥም፤ በምርመራ ይታገዛል። መጠነኛ ፀሐይ፣ ተገቢ ምግብ፣ ከማስታገሻ መቆጠብና በወቅቱ መመርመር ያለ ብዙ ወጪ የሚፈጸሙ ናቸው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢው ፀሐይ እያለ ቫይታሚን ዲ ሊጎድል የሚችለው በምን ምክንያት ነው?
2. ቴኖፎቪር የሚወስድ ሰው ዳይክሎፌናክን ያለ ትእዛዝ ቢወስድ ምን ሊደርስበት ይችላል?
3. በትምህርቱ ውስጥ የተጠቀሰችው እናት በቀጠሮዋ ዕለት ለባለሙያው ምን ምን መናገር ይገባት ነበር?
4. ቀጠሮ በ6 ወር አንድ ጊዜ ሲሆን የኩላሊት ምርመራ እንዳይረሳ ቤተሰብና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እንዴት ሊያግዙ ይችላሉ?